የኦክስጅን ማነስና የሕዋስ የፕሮቲን ምጣኔ፤ ስለ ጥቂት ስያሜዎች

የሥነ ሕይወት ጠበብት ስለ ሕዋስ ሲናገሩ ከእኛው ሙያ የተዋሷቸው ቃላት ብዙዎች ናቸው። በዘረ መል ውስጥ ያለው መረጃ «ይገለበጣል»፣ «ይነበባል»፣ «ይተረጎማል» ይላሉ። ተርጓሚው ስለ ትርጉም ሥራ የሚናገር ጽሑፍ ሲመጣለት ነገሩ የሚቀልለት ይመስላል፤ ዳሩ ግን እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፥ ፈጽሞ እንግዳ ከሆነው ሙያዊ ቃል ይልቅ የሚያስቸግሩበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ከዚሁ ዘርፍ የአንዱን ርእሰ ጉዳይ ስያሜዎች እንመረምራለን፤ ይኸውም ሕዋስ ኦክስጅን ሲያንሰው ሕይወቱን ለማቆየት የፕሮቲን ሥራውን የሚመጥንበት መንገድ ነው። ስያሜውን ለመመርመር አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ግድ ስለ ሆነ፥ ስለ ነገሩም በሚበቃ መጠን እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው «የኦክስጅን እጥረት» የተባለው ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ በጋዜጣም በሬዲዮም በሐኪም ቤትም በሰፊው የሚሠራበት በመሆኑ ማንኛውም አንባቢ ተረድቼዋለሁ ይላል። ይሁን እንጂ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ «በሆስፒታሉ የኦክስጅን እጥረት አለ» ሲባል፥ በሲሊንደር የሚመጣው ኦክስጅን አልተገኘም ማለት ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ስለ አንድ በሽተኛ «የኦክስጅን እጥረት አለበት» ሲል፥ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከሚገባው በታች ወርዷል ማለቱ ነው። የሳይንስ መምህርም «በተራራ ላይ የኦክስጅን እጥረት አለ» ሲል የአየሩን መሳሳት ይናገራል። የመጀመሪያው የአቅርቦት፥ ሁለተኛው የአካል፥ ሦስተኛው የአየር ጠባይ ነው። የመጀመሪያውን የሚያቃልለው ግዥና ማጓጓዣ፥ ሁለተኛውን የሚያቃልለው ሕክምና ነው፤ ሦስተኛው ግን መቃለል የሚያሻው ነገር እንኳ ላይሆን ይችላል። አስታማሚ ቤተ ሰብ «እጥረት አለበት» የተባለውን «እጥረት አለብን» ብሎ ቢሰማና ሲሊንደር ፍለጋ ቢወጣ፥ ጥፋቱ የሰሚው ነው ለማለት አንደፍርም።

«እጥረት» ከ«አጠረ» የወጣ ሲሆን፥ በዛሬው አማርኛ የውሃ እጥረት፣ የዘይት እጥረት፣ የመምህራን እጥረት እየተባለ የሚፈለገው ነገር ከሚገኝበት ቦታ መታጣቱን ያሳያል። ለአካል ግን ሕዝቡ «ማነስ»ን ከመረጠ ቆይቷል። «ደም ማነስ» የሚለውን ማንም በአዋጅ አላወጣውም፤ ሆኖም ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ ባልቴቷ ድረስ ሁሉም ይግባባበታል። በእርግጥ «የቫይታሚን እጥረት» የሚለው አነጋገር በዚህ አስተያየታችን ላይ ተቃውሞ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ጉድለቱ የሚጀምረው ከማእዱ ስለ ሆነ የአቅርቦት ጠባዩን አልለቀቀም። ስለዚህ ለአካልና ለሕዋስ «የኦክስጅን ማነስ»፥ በደም ውስጥ ሲሆን «የደም ኦክስጅን ማነስ»፥ ለሲሊንደሩ «የኦክስጅን እጥረት»፥ ለተራራው «ስስ አየር» ቢባል ሦስቱ ተለያይተው ይቆማሉ።

ስስ አየር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በከተማይቱ ሰሜን የሚገኘው ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ክፍለ ከተማ ነው፤ ዝቅ ያለው ወገኑ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በ3,000 ሜትር ወደ ሰባት አሥረኛ ይወርዳል። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ኦክስጅን በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ በጅቡቲ ወደብም በእንጦጦም ያው ከመቶ 21 ያህል መሆኑ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚሳበው አየር ይሳሳል፥ ከርሱም ጋር በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። «በተራራ ላይ ኦክስጅን የለም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ከዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው።

አማርኛ ለከፍታ ቃላት አልጐደለውም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ አገሩን ከታች ወደ ላይ በደረጃ ይከፍለዋል፤ በዚህም አከፋፈል ጉለሌ በደጋው ውስጥ ይውላል፥ የእንጦጦ ራስም ወደ ውርጩ ይጠጋል። ነገር ግን እነዚህ ቃላት የሚለኩት ሙቀትንና ብርድን፥ የሚበቅለውንም እህል እንጂ የአየሩን መሳሳት አይደለም። ስለ መሳሳቱ ያለን ቃል በአየሩ ላይ ሳይሆን በተንፋሹ ላይ ያረፈ ነው፦ «ትንፋሽ አጠረው»፣ «ቁና ቁና ተነፈሰ» እንላለን። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን ሴቶች አገባባቸውን ያየ ሰው ይህን ሐረግ ሳይጠቅስ አይቀርም። ቁና የእህል መስፈሪያ መሆኑን አንባቢ ያስታውሷል፤ ሐረጉ ትንፋሽን እንደ እህል ይሰፍረዋል። ወደዚህ የስፍር ሐሳብ በኋላ እንመለሳለን።

ጉለሌን ያነሣነው ስለ ከፍታው ብቻ አይደለም። ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ይለዋል፤ ቦታውም በዚሁ ስም ይጠራል። መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይባል ስለ ነበር፥ ስሙ በየዘመኑ ሲለዋወጥ የሰፈሩ ስም ግን ጸና። ስሙ ያረፈበት ሰው ሉዊ ፓስተር፥ ሕዋስ አየር ሲኖረውና ሲያጣ የሚያሳየውን ልዩነት ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው። እርሾ አየር ሲያገኝ በፍጥነት እንደሚራባና ጥቂት ስኳር ብቻ እንደሚፈጅ፥ አየር ሲያጣ ግን ብዙ ስኳር እየፈጀ አልኮል እንደሚያወጣ እ.ኤ.አ. በ1861 አሳየ። ይህን የአገራችን ጠማቂ ሴቶች በሥራ ያውቁታል፤ የጠላው ጋን አፉ በጭቃ የሚመረገው በከንቱ አይደለም። በዛሬው ዕውቀት ምክንያቱ እንዲህ ይገለጣል፦ ሕዋስ ከአንዲት የግሉኮስ ቅንጣት በኦክስጅን ርዳታ 30 ያህል ኤ ቲ ፒ የተባለውን የኃይል መመንዘሪያ ሲያገኝ፥ ያለ ኦክስጅን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ገቢው ወደ አንድ አሥራ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው። እግረ መንገዳችንን ለዚህ ለጋኑ ሥራ «መፍላት» ከሚባል «መብላላት» ቢባል እንመርጣለን፤ ውሃም በእሳት ይፈላልና።

ገቢው እንዲህ የወረደበት ቤት ወጪውን መመልከት አለበት። በሕዋስ ቤት ከከበዱት ወጪዎች አንዱ ፕሮቲን መሥራት ነው። ፕሮቲን 20 ዓይነት ከሆኑት አሚኖ አሲዶች እየተመረጠ በሰንሰለት የሚቀጣጠል ሲሆን፥ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላው ላይ ለመቀጠል ቢያንስ አራት የኤ ቲ ፒ ምንዛሪ ይከፈላል፤ አንድ ፕሮቲን ደግሞ ብዙ መቶ ቅጥሎች አሉት። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ አገር ነውና ምሳሌውን ከዚያ እንውሰድ። ማግ ያነሰው ሸማኔ የጀመረውን ሁሉ እኩል አይቀንስም፤ የሚበዛውን ሥራ ያቆየዋል፥ ማግ የሚገዛበትን ገንዘብ ቶሎ የሚያመጣለትን ግን ይቀጥላል። ሕዋስም ኦክስጅን ሲያንሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ሥራዎች አሉ፤ አንደኛው ጠቅላላውን የፕሮቲን ሥራ መግታት ሲሆን ሁለተኛው ለዚያ ጊዜ የሚያስፈልጉትን መርጦ ማሳለፍ ነው። ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ጽሑፎች ሁለተኛውን ትተው «ሕዋሱ ፕሮቲን ማምረት ያቆማል» ሲሉ ነገሩን ግማሽ አድርገውታል። ማምረት ያቆመ ሕዋስ የሞተ ሕዋስ ነው።

መግታቱ በሁለት በኩል ይፈጸማል። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም በተባለው መሣሪያ ላይ ሲሆን፥ ራይቦዞም ሥራውን የሚጀምረው ሌሎች ረዳት ፕሮቲኖች ሲያሰናዱለት ነው። ኦክስጅን እጅግ ሲያንስ ፐርክ የተባለው ኤንዛይም ከረዳቶቹ በአንዱ፥ በኢ አይ ኤፍ 2 ላይ፥ ፎስፌት ያስርበትና ሥራውን ይከለክለዋል። በሌላ በኩል የሕዋሱን እድገት የሚያዘው ኤምቶር ይዳከማል፤ በዚህ ጊዜ እስከዚያ ድረስ በኤምቶር ታስሮ የነበረ ገቺ ፕሮቲን ይፈታና ኢ አይ ኤፍ 4 ኢ የተባለውን ሌላውን ረዳት ይይዘዋል። ለዚህ ተግባር «ማፈን»ም «ማገድ»ም ሲባል አይተናል። እኛ «መግታት»ን የምንመርጠው ፈረስ በልጓም ሲገታ እንደማይሞትና ልጓሙ ሲላላ መሮጡን እንደሚቀጥል ቃሉ ራሱ ስለሚያሳይ ነው። ፎስፌቱ ሲፈታ ሥራው ይቀጥላልና።

ረዳቶቹን በሚመለከት ትንሽ የሰዋስው ነገር አለ። እንግሊዝኛው የሚጠራቸው «የመጀመር ፋክተሮች» እንደ ማለት ሲሆን፥ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ጀማሪ» ብለዋቸዋል። ጀማሪ ግን በአማርኛ ሥራ ያልለመደ ሰው ነው፤ ጀማሪ መምህር፣ ጀማሪ ሹፌር እንላለን። እነዚህ ራሳቸው አይጀምሩም፥ ራይቦዞምን ያስጀምራሉ። ስለዚህ የአድራጊነት ምእላድ የሆነው «አስ» ሊገባባቸው ይገባል፤ «አስጀማሪ» ይባሉ።

መርጦ ማሳለፉ ከመግታቱ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ኤ ቲ ኤፍ 4 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው መልእክት ከእውነተኛው መነሻ በፊት ሌሎች የሐሰት መነሻዎች አሉት። አስጀማሪዎች በሞሉበት ጊዜ ራይቦዞም በሐሰተኛው መነሻ ላይ ይጀምርና እውነተኛውን ሳያገኘው ያልፋል። አስጀማሪዎች ሲያንሱ ግን ዳግመኛ ለመጀመር ስለሚዘገይ ሐሰተኛውን አልፎ ከእውነተኛው ላይ ይደርሳል። የጠቅላላው ሥራ መገታት ለዚህ አንዱ መልእክት በር ከፋች ሆነ ማለት ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች፥ ኦክስጅን ሲያንስ የተያዘውን ኢ አይ ኤፍ 4 ኢን የሚተካ ሌላ አስጀማሪ መኖሩን፥ እርሱም የተወሰኑ መልእክቶችን ብቻ እየመረጠ እንደሚያስጀምር አሳይተዋል። ሕዋሱ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሁለተኛ ቁልፍ አለው።

እስካሁን «መልእክት» እያልን የመጣነውን እንመልከት። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ የሚቀመጠው ዲ ኤን ኤ ከቦታው አይወጣም፤ የሚወጣው ከርሱ የተቀዳው አር ኤን ኤ ነው። ይህን ለማስረዳት በአማርኛ «ግልባጭ» ከሚለው የተሻለ ቃል አናገኝም። ዋናው በመዝገብ ቤት ይቀራል፥ ግልባጩ ለሚመለከተው ክፍል ይላካል፤ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከግርጌው «ግልባጭ» ብሎ የሚላክላቸውን ይዘረዝራል። ድርጊቱም «ግልበጣ» ቢባል ይስማማል።

ሁለተኛው ደረጃ፥ ማለት ከግልባጩ ፕሮቲን መሥራት፥ በብዙ ጽሑፍ «ትርጉም» ተብሏል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ትርጉም በአማርኛ ፍቺም ነው፥ የተተረጎመው ጽሑፍም ነው፥ የመተርጎም ሥራም ነው። «በኦክስጅን ማነስ ጊዜ የመልእክቱ ትርጉም ይቀንሳል» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢውን መልእክቱ ትርጉም የለሽ ሆነ እንዲል ያደርገዋል። «ትርጓሜ» ደግሞ ለመጻሕፍት ሐተታ የተለየ ቃል ሆኖ በቤተ ክህነት ጸንቷል፥ ከዚያ ልንወስደው አይገባንም። ድርጊቱን ብቻ የሚያሳየው «ትርጎማ» ነው፤ «ትርጎማው ተገታ»፣ «ትርጎማው ተመረጠ» ሲባል ሌላ ነገር አያሳስብም። ተርጓሚዎች ይህን ልዩነት ከማንም ይበልጥ እንደሚረዱት እናምናለን፤ ትርጎማ ቢቆምም ትርጉም አይጠፋምና።

ከትርጎማው በላይ፥ በግልበጣው ደረጃ፥ የሚሠራው ሌላ ፕሮቲን አለ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሂፍ የሚባለው ይህ ፕሮቲን መገኘቱንና ሥራውን ያስረዱት ግሬግ ሴመንዛ፣ ፒተር ራትክሊፍና ዊልያም ኬሊን እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት አግኝተዋል። ሂፍ በኦክስጅን ማነስ ጊዜ ወደ አስኳሉ ገብቶ ብዙ ዘረ መሎችን ያስነሣል፤ ከነዚህም ቀይ የደም ሕዋስ የሚያበዛውን ኤሪትሮፖየቲንን፥ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅሉትን፥ ስኳርን ያለ ኦክስጅን የሚያቃጥሉትን የሚያሠሩ ዘረ መሎች ይገኙባቸዋል። ስሙን በቀጥታ የሚመልስ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። «የኦክስጅን ማነስ ቀስቃሽ» ቢለው ኦክስጅን እንዲያንስ የሚያደርገው እርሱ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፥ ማነሱ ነው እርሱን የሚቀሰቅሰው። በአማርኛ ይህን ሁሉ የምትሸከመው አንዲት «ተ» ናት፦ «በኦክስጅን ማነስ ተቀስቃሽ ፕሮቲን»። ረዘመ የሚል ቢኖር «ሂፍ»ን በውሰት ይያዝ፤ ያለ «ተ» ግን አይጻፍ።

ቅስቀሳው ራሱ እንዴት እንደሚፈጸም ማወቅም ለተርጓሚ ይጠቅማል። «ኦክስጅን ሲያንስ ሕዋሱ ሂፍን ማምረት ይጀምራል» የሚል አረፍተ ነገር ለአንባቢ ቢጥምም ልክ አይደለም። ሕዋሱ የሂፍን ኦክስጅን ጠባቂ ክፍል ዘወትር ይሠራዋል፤ ኦክስጅን በሞላበት ጊዜ ግን በተሠራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያፈርሰዋል። የሚያፈርሰውም በራሱ በኦክስጅን ነው፦ አንድ ኤንዛይም ብረትን መሣሪያ አድርጎ ከኦክስጅኑ አቶም ወስዶ በሂፍ ላይ ምልክት ያደርግበታል፥ ቪ ኤች ኤል የተባለው ፕሮቲን ምልክቱን አይቶ ለአፍራሾቹ አሳልፎ ይሰጠዋል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ አይደረግም፤ ሂፍም ሳይፈርስ ይከማቻል። ስለዚህ ተለወጠ የሚባለው ማፍረሱ እንጂ መሥራቱ አይደለም። እየሠሩ ማፍረስ ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን ጭንቁ በመጣ ጊዜ ከመጀመሪያው መሥራት ሳያስፈልግ፥ ማፍረሱን ብቻ በመተው ወዲያው መነሣት ይቻላል።

ከላይ የዘረዘርናቸውን ሁሉ፥ መግታቱንም፣ መርጦ ማሳለፉንም፣ አለማፍረሱንም፥ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ የኛዎቹ ጽሑፎች ለዚህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ቁጥጥር» ይሉታል። ቁጥጥር ግን ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ የፍተሻ፣ የሒሳብ ምርመራ፣ የመንገድ ትራፊክ ቃል ነው። በሕዋስ ውስጥ ከላይ ቆሞ የሚያይ አለቃ የለም፤ ያለው የገቢና የወጪ መመዛዘን ነው። ለዚህ «ምጣኔ»ን እናቀርባለን። ቃሉ በ«ምጣኔ ሀብት»ና በ«ቤተ ሰብ ምጣኔ» ለሙያ ሥራ ገብቷል፤ ከዚያም በፊት የማጀት ቃል ነበር፥ ምጥን ሽሮ የሚለውንና አስቀድሞ «መጥኖ መደቆስ»ን የማያውቅ የለም። መመጠን ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ጨምሮ ሌላውን ቀንሶ ለሚበቃው ማድረስ ነው። ትንፋሽን በቁና የሰፈረ ቋንቋ ለሕዋስ ሥራ የስፍር ቃል ቢሰጥ አልራቀም። «ቁጥጥር»ን ፈጽመን አንጥልም፤ በላቦራቶሪ ሙከራ ውስጥ ለማነጻጸሪያ ለሚቀመጠው ቡድን የገባውን «ቁጥጥር» ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን፥ እርሱ የራሱ ጣጣ አለበት።

በመጨረሻ «መላመድ» የሚለው ቃል ይቀራል። በስሜን አምባራስ በተባለው፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ የሚኖሩ አማሮችን ሲንቲያ ቢል የተባለች የሰው ልጅ ጥናት ምሁር ከባልደረቦቿ ጋር መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም፥ ሄሞግሎቢኑ የያዘው ኦክስጅንም በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ባይበዛም የያዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ የአምባራሶቹ ከሁለቱም የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ከአማሮቹ ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን እንዳላቸው ታየ፤ እንግዲህ በአንዲት አገር ውስጥ እንኳ መንገዱ አንድ አይደለም። በቲቤት የተለወጡት ዘረ መሎች ከሂፍ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው፤ በኢትዮጵያ በተደረጉት ጥናቶችም ከሂፍ መንገድ ጋር የሚገናኙ ዘረ መሎች ተጠቁመዋል፥ ነገር ግን የቲቤቶቹ አይደሉም።

ይህን ሁሉ «ኢትዮጵያውያን ከስስ አየር ጋር ተላምደዋል» በሚል አንድ አረፍተ ነገር መጻፍ የተለመደ ነው። ከድሬዳዋ መጥቶ በጉለሌ የከረመ ሰውም ተላምዷል ይባላል፤ በእንጦጦ ሊለማመድ የመጣ የውጭ አገር ሯጭም እንዲሁ። ነገር ግን በነዚህ ሁለት ሰዎች የተለወጠው የሕዋሳቸው ምጣኔ ነው፤ ወደ ቆላ ቢወርዱ ይመለሳል፥ ለልጆቻቸውም አያወርሱትም። በአምባራሶቹ የሚጠረጠረው ግን በብዙ ትውልድ የተመረጠ የዘረ መል ለውጥ ነው። ለመጀመሪያው ሕዝቡ «አየሩን ለመደው» ስለሚል «አየር መልመድ» በቂ ነው። ለሁለተኛው «ተስማሚነት»ን፥ ማብራሪያ ሲያስፈልግም «ውርሰ ዘራዊ ተስማሚነት»ን ሐሳብ አድርገን እናቀርባለን። «መላመድ» የሚለው ለሰውና ለሰው፣ ለሰውና ለእንስሳ ይቆይ፤ የ«ላ» ድምፅ የሚያመለክተው የሁለት ወገን መለማመድን ነውና፥ አየሩ ሰውን ለመደ የሚል እስካልተገኘ ድረስ በዚህ ቦታ አይገባም።